«ልጄ ለምን ያለጊዜዋ መጣች?»
(ያለጊዜ መወለድን ለመከላከል የሚደረግ ምርምር እንዲጠናከር፣ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተመራማሪም አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ በቁጠባ ቀን ደብተር ይዤ ስዞር ታውቁኛላችሁ። ዛሬ የቆምኩት ግን ስለ ቁጠባ ልናገር አይደለም። ለአሥር ዓመት በውስጤ ይዤው ስለኖርኩት ጥያቄ ልነግራችሁ ነው። ልጄ ለምን ያለጊዜዋ ተወለደች?

የዚያን ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ነበር። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ነው። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነበር። ውኃው ሲመጣ ተነሥቼ ባለ ሃያ ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሞላሁና ከግቢው ቧንቧ እስከ ቤቴ ደጃፍ ወሰድኩት። ሊነጋ ሲል ወገቤን ያዘኝ። ረፋድ ላይ የሽርት ውኃዬ ፈሰሰ።

ጤና ተቋም ስደርስ አዋላጇ ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እህቴ፣ የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?» ብላ ነው። «የመስቀል ሰሞን» አልኳት። «ከመስቀል በፊት ነው በኋላ?» አለችኝ። አላወቅሁትም። በክትትል ካርዴ ላይ የተጻፈው ሳምንት ደግሞ ከዚህ ጋር አልገጠመም። አንዱ 28 ሳምንት ነው አለ፣ ሌላው 32። ብቻ የሳንባ ማጎልበቻ መርፌ ወጉኝና በማግስቱ ልጄ ተወለደች። ክብደቷ 1,350 ግራም ነበር። አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር እንኳ ከእሷ ይከብዳል።

በሕፃናት ማቆያው 34 ቀን ቆየን። ከእኔ አጠገብ የነበረችው እናት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። በስድስተኛው ቀን አረፈ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝና «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

እኔ ልጄን ታቅፌ ቤቴ ስገባ ደግሞ መልስ የሚሰጠኝ ሞልቶ ነበር። «ጀሪካን ስላነሳሽ ነው» አሉኝ አማቴ። ጎረቤት «ለቅሶ ቤት ስለሄድሽ ነው» አለች። አንዷ «ስለተናደድሽ ነው» አለች። ሌላዋ ልታጽናናኝ ብላ «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የማይበረክተው የስምንት ወሩ ነው» አለችኝ። ይኼኛው እንኳ ልክ አይደለም፤ ሕፃኑ በማኅፀን በቆየ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ማንም ክፉ አስቦ አልተናገረም። ነገር ግን ሁሉም መልስ የሚያበቃው እኔ ላይ ነበር። እኔም አመንኩ። ለዓመታት ያንን ቢጫ ጀሪካን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደማ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ጋ ሄጄ በቀጥታ ጠየቅኋት። «ከባድ ሥራ ሲደጋገም ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ይጠናል። ግን ያን ሌሊት ያነሳሽው ጀሪካን ነው ብሎ ሊነግርሽ የሚችል ሐኪም የለም። ምክንያቱን አናውቅም» አለችኝ። እህቶቼ፣ «አናውቅም» የሚለው ቃል ሰው ያስደስታል? እኔን አስለቀሰኝ። ከአማቴ፣ ከጎረቤት፣ ከራሴም ፍርድ ነፃ ያወጣኝ እሱ ነው። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ለምንድን ነው የማናውቀው?

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አነበብኩ፣ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። ያወቅሁትን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ያለጊዜው ተወለደ የሚባለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እንዳወጡት፣ በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል። ከአሥር ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ምክንያቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ወባም የሳንባ ምችም የሚከተሉት እሱን ነው። በዓለም ላይ ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ የሚወለዱት በስምንት አገሮች ነው። አገራችን ከስምንቱ አንዷ ናት።

አንዳንዱ ምክንያት ይታወቃል። የእናት ደም ግፊት አለ፣ ስኳር አለ፣ መንታ እርግዝና አለ፣ የሽንትና የማኅፀን ኢንፌክሽን አለ፣ ወባ አለ፣ የማኅፀን በር ማጠር አለ፣ ልጅ ላይ ልጅ ቶሎ መደረብ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ምጡ ያለጊዜው የሚመጣበት ምክንያት አይገኝም። ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ መከላከያው ከየት ይመጣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ግን የደበቅነው ነገር የለም፤ ራሱ ነው የተደበቀን።

ልጄ ዛሬ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እሷን ያተረፈ ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው ጠይቆ ያገኘው ነገር ነው። ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው ያ መርፌ ነው። በኒው ዚላንድ ግራሃም ሊጊንስ የሚባል ሐኪም ነበር። የሚጠይቀው ጥያቄ የእኛው ጥያቄ ነበር፤ ምጥ እንዲጀምር የሚያደርገው ምንድን ነው? ምርምሩን የሚያደርገው በበጎች ላይ ነበር። እርጉዝ በጎችን ሲመረምር፣ እንዲያ ያለጊዜው ተወልዶ በሕይወት ሊገኝ የማይገባው ግልገል ሲተነፍስ አገኘ። የተሰጠው ሆርሞን ሳንባውን ቀድሞ አጎልብቶት ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከሮስ ሃዊ ጋር በእናቶች ላይ ሞክሮ ውጤቱን በ1972 አሳተመ። መርፌው በዓለም ዙሪያ የተለመደ እስኪሆን ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ማስረጃው እያለ የሚገፋው አጥቶ ስንቱ ሕፃን አለፈ። ልብ በሉ፤ መርፌው ተገኘ፣ ሐኪሙ የተነሣበት ጥያቄ ግን ዛሬም አልተመለሰም።

ሁለተኛው የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም ማሞቂያ ቢያጥረው ሕፃናቱን ከእናታቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አደረጋቸው። በአገራችንም የራሳችን ሐኪሞች በአዲስ አበባ አጥንተውት፣ ቶሎ የተጀመረለት ሕፃን የመትረፍ ዕድሉ እንደሚጨምር በ2005 አሳትመዋል። እኔ ልጄን በነጠላ ደረቴ ላይ ጠቅልዬ ስቀመጥ ይህን አላውቅም ነበር። ማሞቂያ ስለጠፋ የተደረገልኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ በጥናት የተፈተነ ሕክምና ነው።

በአገራችን የተደረገ አንድ ሌላ ጥናት ልጨምር። ከ2016 እስከ 2018 በአምስት ሆስፒታሎች፣ በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሕፃናት ተመዘገቡ። በሕፃናት ማቆያ ከተኙት 3,852 ውስጥ 1,109 አረፉ። ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸውን የገደለው የሳንባ አለመጎልበት ነው፤ ሌሎቹን ኢንፌክሽንና መታፈን። ይህ የታወቀው እንዴት ይመስላችኋል? ልጃቸው ከሞተባቸው ወላጆች መካከል ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዲተርፍ አስከሬኑ ይመርመር ብለው የፈቀዱ ስለነበሩ ነው። ስማቸው የትም አልተጻፈም። እኔ ግን በዚህ መድረክ አመሰግናቸዋለሁ።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ሕፃኑ ከመጣ በኋላ ወይም ሊመጣ ሲል የሚደረጉ ናቸው። በእናቱ ሆድ እንዲቆይ የሚያደርገውስ? እዚያ ላይ እጃችን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ያለጊዜው የሚመጣ ምጥን ይከላከላል የተባለ በየሳምንቱ የሚሰጥ የሆርሞን መርፌ በ2011 ተፈቅዶ ነበር። በኋላ ሰፋ ያለ ጥናት ሲደረግ እንደማይከላከል ታወቀና በ2023 ፈቃዱ ተሰረዘ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቶች ተወጉት። የጥናት ማነስ እንዲህም ያደርጋል።

ተስፋ የሚሰጥም አለ። በ2020 የታተመ ጥናት ኬንያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ወደ 12,000 የሚጠጉ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶችን ተከታተለ። ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ በየቀኑ ትንሽ መጠን ያለው አስፕሪን የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ ያለጊዜው መውለዳቸው በ11 ከመቶ ቀነሰ። አደራ፣ ከዚህ ወጥታችሁ አስፕሪን እንዳትገዙ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይነካ ነገር ነው። ይህን የምነግራችሁ ለሌላ ነው። ሁላችንም የምናውቃት፣ በሳንቲም የምትገዛ ክኒን ይህን እንደምታደርግ ያወቅነው አንድ ሰው ስለጠየቀ ነው። ሌላ ስንት ያልተጠየቀ ነገር አለ?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «አልጋና ኦክስጅን በሌለበት አገር ምርምር ቅንጦት አይደለም ወይ?» እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ሕፃናትን የሚያድነው የሳንባ መርፌ ኬንያን ጨምሮ በስድስት አገሮች በየገጠሩ እንዲዳረስ ተሞክሮ፣ በ2015 ውጤቱ ሲታይ ሞትን አልቀነሰም፤ እንዲያውም በአጠቃላይ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ጨምሮ ተገኘ። መርፌውን ከተወጉት ብዙዎቹ በእርግጥ ቀናቸው ያልደረሰ አልነበሩም። ሳምንታቸው በትክክል አይታወቅም ነበር። በኋላ በአምስት አገሮች፣ ሳምንቱ በአልትራሳውንድ በታወቀበትና ጥሩ እንክብካቤ ባለበት ሆስፒታል ሲሞከር ግን መርፌው ሕፃናትን አዳነ። እንግዲህ ሌላ ቦታ ያዳነ ነገር እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚያድን ካልተጠና ሊጎዳም ይችላል። ለሀብታም አገር ምርምር ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጊዜ መሳሳት ለማይችል ድኻ ግን ግዴታው ነው።

«መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው» የምትሉም አላችሁ። ፍርሃቱ አግባብ ነው። መድኃኒቱም ልክ እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጦ መታየት አለበት። ጥናት ላይ ግቢ ስትባሉ ጠይቁ። ማን ነው የሚያጠናው? ምን ይወሰድብኛል? ብተወውስ ሕክምናዬ ይቋረጣል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶታል? ያልገባት እናት አትፈርም። የገባት ግን በፍርሃት ብቻ አትመለስ።

አሁን ስለ ሴቶች አቅም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ፖሊዮ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ በነበረበት ዘመን፣ ራሳቸው በበሽታው የተጠቁት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1938 አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ሰው ሁሉ አሥር ሳንቲም፣ እነሱ «ዳይም» የሚሏትን፣ ለምርምር እንዲልክ ተጠየቀ። ድርጅቱ «ማርች ኦፍ ዳይምስ» ተባለ። በ1950 በፊኒክስ ከተማ እናቶች ማታ ማታ ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር፤ መስጠት የፈለገ የበረንዳውን መብራት ያበራል፣ እናቶቹ መብራት ያዩበትን በር ያንኳኳሉ። ይህ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። በ1955 የጆናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት እንደሚሠራ ተረጋገጠ። ያ ክትባት የተሠራው በአብዛኛው በእነዚያ ሳንቲሞች ነው። ይኸው ድርጅት በ2003 ፊቱን ወደ እኛ ጉዳይ፣ ያለጊዜ መወለድን ወደ መከላከል አዞረ። በ2006ም የአገሪቱ ምክር ቤት ለዚህ ምርምር የሚሆን ሕግ አወጣ።

እነዚያ እናቶች ሳይንቲስት አልነበሩም። እንደኛ ደብተር ይዘው የሚዞሩ ሴቶች ነበሩ። እድርና እቁብ ያለው ሕዝብ ይህን ከማንም አይማርም። ድንኳኑንም ወንበሩንም ብረት ድስቱንም የገዛነው በትንሽ በትንሽ አይደል?

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቀናችንን እንጻፍ። እያንዳንዳችሁ፣ ሴት ልጅና ምራት ያላችሁም፣ የወር አበባ የመጣበትን ቀን በደብተር ወይም በስልክ እንዲጽፉ አድርጉ። እንደኔ «የመስቀል ሰሞን» ማለት ይቅር። እርግዝና ሲጠረጠር ሦስት ወር ሳይሞላ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል። ይህ ለእናቲቱም ለሕፃኑም ይጠቅማል። ለምርምርም መሠረቱ ይህ ነው። መቼ እንደጀመረ ያልታወቀን ነገር ቀደመ ወይም ዘገየ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤ እንጻፍ። ለጤና ሚኒስቴርና የሕክምና ትምህርት ለሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ያለጊዜ መወለድን መከላከል ከምርምር ቅድሚያዎቻቸው እንዲገባ፣ ምን ይጠና ተብሎ ሲመከርም እናቶች እንዲቀመጡበት። ኅዳር 8 ቀን ዓለም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያስብበት ቀን ነው፤ ሐምራዊ ይለበሳል። በዚያ ቀን የሁላችንን ፊርማ ይዘን ብንሄድስ? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

ሦስተኛ፣ በየወሩ አሥር አሥር ብር ለብቻዋ በሆነች ሣጥን እናስቀምጥ። ላቦራቶሪ እንደማንሠራ አውቃለሁ። ነገር ግን በክትትል ላይ ላለች እናት የታክሲ መክፈል እንችላለን። የመመረቂያ ጥናቷን በዚህ ጉዳይ ላይ ለምትሠራ አንዲት አዋላጅ ነርስ የወረቀትና የመንገድ መሸፈን እንችላለን። ጥናቷን ስትጨርስ ደግሞ እዚህ መጥታ፣ በሚገባን ቋንቋ ታስረዳናለች። ሂሳቡን እንደ ቁጠባው ሁሉ በየሦስት ወሩ ለማቅረብ ቃል እገባለሁ።

አራተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ቡና ላይ «ይህን ስላደረግሽ ነው» ማለትን እናቁም። የማናውቀውን «አናውቅም» እንበል። ያለጊዜዋ የወለደች ሴት ቤት ስትገቡ ገንፎውን ይዛችሁ ግቡ፣ ፍርዱን ውጭ ተዉት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ማሞቂያ ስትለግሱ ምርቃታችን ይደርሳችኋል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። አሁንም ያስፈልገናልና አታቋርጡ። ምርምር ግን ፎቶ የለውም። በሰኔ መወለድ የነበረበት ሕፃን በሰኔ ሲወለድ ማንም አያጨበጭብም፤ እናቱም ከምን እንደዳነች አታውቅም። ያን የማይታየውን ሥራ እንድትደግፉ እለምናችኋለሁ። ከእያንዳንዱ መቶ ብር ጥቂቷ ለ«ለምን?» ትሁን።

ልጨርስ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ እኔ ለምንድን ነው ቀድሜ የተወለድኩት?» አለችኝ። አማቴ አጠገቤ ቡና ይቆላሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እኔ እንጃ ልጄ፤ እናትሽ ልትጠይቅልሽ ነው» አሏት።

እኔም ይኸው ልጠይቅ መጣሁ። ብቻዬን ብጠይቅ አንዲት እናት አለቀሰች ይባላል። አብረን ብንጠይቅ ግን መልስ የሚፈልግልን አይጠፋም። ያቺ ልጇ በስድስተኛው ቀን ያረፈባት እናትም ያለችበት ሆና ትሰማለች።